የሥነ ጥበብ ዲግሪ በስንት ዋጋ? ልጁ ሠዓሊ መሆን ለሚፈልግ ቤተሰብ የተዘጋጀ ንጽጽር

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤቶች በየዓመቱ የጸደይ ወራት አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዋ ሁለት ሦስት የመቀበያ ደብዳቤዎች ይዛ ትመጣለች። አንዱ ስሙ ከሩቅ ከሚሰማ የግል የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ነው፤ ሌላው ከምትኖርበት ስቴት ዩኒቨርሲቲ። አባት «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ይላል። እናት ልጇ ቅር እንዳይላት ትሰጋለች። ሥዕል ሙያ ነው፣ አይደለም እየተባለ ይመሻል። ከደብዳቤው ጋር ተያይዞ የመጣው የወጪ ዝርዝር ግን ሳይነበብ ጠረጴዛ ላይ ያድራል።

ለብዙ ዓመታት ወጣቶች ፖርትፎሊዮ (ለኮሌጅ የሚቀርብ የሥራዎቻቸው ስብስብ) ሲያዘጋጁ አብሬ ስሠራ የታዘብኩት፣ ዛሬ በሙያቸው የሚኖሩትንና ብሩሻቸውን የጣሉትን በዋናነት የሚለያያቸው ችሎታ ወይም የኮሌጅ ስም አለመሆኑን ነው። የሚለያያቸው ሲመረቁ የነበረባቸው ዕዳ ነው። ትንሽ ዕዳ ያለበት ወጣት ለሁለትና ለሦስት ዓመት በአነስተኛ ደመወዝ እየኖረ ሥራውን ማሳደግ ይችላል። በየወሩ ከ1,000 ዶላር በላይ የሚከፍል ግን ያንን ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ይህ ንጽጽር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው የሚከተለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህን ዲግሪ በየትኛው መንገድ፣ በስንት ብድር? ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ዲግሪዎች

በአሜሪካ የስቱዲዮ ሥነ ጥበብ የመጀመሪያ ዲግሪ በሁለት ዓይነት ይሰጣል። ቢኤፍኤ በሚባለው ከትምህርቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ የኅትመት ጥበብ፣ ፎቶግራፍና የመሳሰለው ነው። ቢኤ በሚባለው የሥነ ጥበቡ ድርሻ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርድና ቀሪው ለሌላ ትምህርት ክፍት ይሆናል፤ ተማሪዋ ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ባዮሎጂ ጎን ለጎን ልትይዝ ትችላለች።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ልዩነት ግን የሰዓት ልዩነት ነው። ሦስት ክሬዲት ያለው የታሪክ ትምህርት በሳምንት ሦስት ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ ያስቀምጣል። ሦስት ክሬዲት ያለው የሥዕል ትምህርት ደግሞ አምስት ስድስት ሰዓት ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ስቱዲዮ ውስጥ የሚያልፈው ሰዓት አልተቆጠረም። ልጆቻችን አብዛኞቹ እየሠሩ ነው የሚማሩት። በቢኤፍኤ ፕሮግራም ውስጥ በሳምንት 25 ሰዓት ሥራ መሥራት ከባድ ነው፤ ያልተሠራው ሰዓት ደግሞ ራሱ ወጪ ነው። ቤተሰቡ ሒሳብ ሲሠራ ይህን መጨመር አለበት።

እኔ በ18 ዓመቷ ልቧ ላልቆረጠ ልጅ ቢኤን እመርጣለሁ። ቢኤ የያዘ ሰው ሠዓሊ አይሆንም የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። አዲስ አበባ የተወለደችውና በልጅነቷ ወደ ሚሺጋን የመጣችው ጁሊ ምህረቱ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በ1992 ያገኘችው ካላማዙ ከሚባል አነስተኛ ኮሌጅ ነው፤ ዲግሪዋም ቢኤ ነበር። ስሙ የገነነውን የሮድ አይላንድ ስኩል ኦፍ ዲዛይንን የገባችበት ለማስተርስ ሲሆን በ1997 ተመርቃለች። ዛሬ ሥራዎቿ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ይገኛሉ። ቢኤፍኤ የሚመጥነው ማንም ሳያዛት በየቀኑ የምትስለውን፣ አንድ ሥራ ላይ ሳምንታት የምትቆየውን ልጅ ነው። ወላጅ ይህን ለማወቅ መምህር መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የልጁን መኝታ ክፍል ማየት ይበቃዋል።

መንገዶቹና ዋጋቸው

ከግል የሥነ ጥበብ ኮሌጆች እንጀምር። የሮድ አይላንዱ ትምህርት ቤት የትምህርት ክፍያ ብቻውን በዓመት ከ60,000 ዶላር በላይ ነው፤ መኖሪያና ምግብ ሲጨመር ከ80,000 ያልፋል። ባልቲሞር ያለው ማይካ እና በቺካጎ የሚገኘው የአርት ኢንስቲትዩት ትምህርት ቤትም ከ50,000 ዶላር በላይ የትምህርት ክፍያ ያስከፍላሉ። የቺካጎው ለእኛ ባዳ አይደለም፤ የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላም የተማሩት እዚያ ነው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በእርግጥ ጥሩ ናቸው። መሣሪያቸው የተሟላ ነው፣ መምህራኖቻቸው የሚሠሩ ሠዓሊዎች ናቸው፣ አብረው የሚማሩት ልጆች ደግሞ ከማንም በላይ ያስተምራሉ። ይህን ጥቅም አላቃልልም። ነገር ግን በዓመት 80,000 ማለት በአራት ዓመት 320,000 ዶላር ነው፤ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ቤት ይገዛል።

እዚህ ላይ «ስኮላርሺፕ ሰጥተዋታል» የሚል መልስ ይመጣል። የግል ኮሌጆች ለብዙ ተማሪዎች ቅናሽ ያደርጋሉ፤ በዓመት 20,000 ዶላር ስኮላርሺፕ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ቤቱ በእልልታ ይሞላል። ደስታው እንዳለ ሆኖ፣ የሚታየው የተቀነሰው ሳይሆን የቀረው ነው። ከ80,000 ላይ 20,000 ሲቀነስ 60,000 ይቀራል፤ ምንም ስኮላርሺፕ ካልሰጠው የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ገና እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። ስኮላርሺፑ አራቱንም ዓመት ይቀጥላል ወይ፣ ለመቀጠልስ ምን ያህል ውጤት ይፈልጋል? የትምህርት ክፍያው በየዓመቱ ሲጨምር ስኮላርሺፑም አብሮ ይጨምራል ወይ? አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም፤ ስለዚህ አራተኛው ዓመት ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ከግል ኮሌጆች መካከል ለብቻው መታየት ያለበት ኒውዮርክ ያለው ኩፐር ዩኒየን ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ለተማሪዎቹ ያለ ክፍያ ያስተምር ነበር፤ በ2014 ክፍያ ቢጀምርም ለገባ ሁሉ ቢያንስ የትምህርት ክፍያውን ግማሽ ይሸፍናል፤ ወደ ቀድሞው ነጻ ትምህርት ለመመለስም እየሠራ ነው። ኢትዮጵያ ተወልዶ ብሮንክስ ያደገው አርቲስቱ አወል እርዝቁ የመጀመሪያ ዲግሪውን በ2010 ያገኘው ከዚያ ነው፤ ቀጥሎ ዬል ገባ። መግባቱ እጅግ ከባድ ነው፤ ሆኖም ጎበዝ ልጅ ያለው ቤተሰብ ማመልከቻውን ሳይሞክር ማለፍ የለበትም።

ሌላው የግል ኮሌጆች ሥጋት የራሳቸው ህልውና ነው። በ1871 የተመሠረተው የሳን ፍራንሲስኮ አርት ኢንስቲትዩት በ2022 ትምህርት አቆመ። ፊላዴልፊያ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ አርትስ በ2024 ሜይ መጨረሻ ላይ እንደሚዘጋ አስታውቆ በሳምንቱ ዘጋ፤ ተማሪዎቹ የሚሄዱበትን ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋ ተበተኑ። እዚሁ ዋሽንግተን የነበረው ኮርኮራን ኮሌጅ በ2014 ፈርሶ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። አነስተኛና ሀብት የሌለው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ስትመርጡ የተማሪ ቁጥሩ በአምስት ዓመት ውስጥ እየቀነሰ እንደሆነ ጠይቁ፤ ቁጥሩ በፍጥነት የሚቀንስ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ሁለተኛው መንገድ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ቨርጂኒያ ለሚኖር ቤተሰብ ሪችመንድ ያለው ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ ከአገሪቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ በሥነ ጥበብ ስሙ ከሚጠሩት አንዱ ነው፤ ከ1998 ጀምሮ ዶሃ፣ ኳታር ውስጥም ቅርንጫፍ አለው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖች ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። ለስቴቱ ነዋሪ ሪችመንድ ውስጥ መኖሪያና ምግብ ተጨምሮ በዓመት ከ30,000 ዶላር በላይ ይወጣል። የግሉ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከቤት እየተመላለሱ ለመማር ደግሞ ጆርጅ ሜሰን እና ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ የትምህርት ክፍያቸው ለነዋሪ በዓመት ከ11,000 እስከ 15,000 ዶላር አካባቢ ነው። «ነዋሪ» የሚለው ቃል ግን ገንዘብ ነው፤ በሁለቱም ስቴቶች ቢያንስ 12 ወር መኖርን ማስረዳት ያስፈልጋል። በዲቪ በቅርብ የመጡ ቤተሰቦች አንድ ዓመት ቢታገሡ የክፍያው ልዩነት ትዕግሥታቸውን ከነወለዱ ይመልሳል።

ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከሁለቱ መካከል ይወድቃል። የግል ስለሆነ የትምህርት ክፍያው በዓመት ከ30,000 ዶላር በላይ ነው፤ ሆኖም ለኢትዮጵያውያን የሥነ ጥበብ ታሪኩ ትልቅ ነው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው እዚያ ነው፤ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ አዲስ አበባ ተመርቆ ማስተርሱን የሠራው እዚያ ነው። ሙሉ ወይም ከፊል ስኮላርሺፕ ካገኘች ልጄን በደስታ የምልክበት ቦታ ነው። ያለ ስኮላርሺፕ ግን የስቴቱ ይሻላል።

ሦስተኛው መንገድ ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ይህ መንገድ የወደቀ ተማሪ መንገድ ተደርጎ ይታያል። ይህ አመለካከት ብዙ ቤተሰብን በገንዘብ ጎድቷል፤ በግልጽ መባል ያለበትም ይመስለኛል። ሜሪላንድ ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የራሱ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለው፤ የንድፍ፣ የቀለምና የቅርጽ መሠረታዊ ትምህርት በትናንሽ ክፍሎች ይሰጣል። ቨርጂኒያ ያለው ኖቫ የተባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ጆርጅ ሜሰን በቀጥታ የሚያሻግር ስምምነት አለው። ክፍያው ለነዋሪ በዓመት 6,000 ዶላር ገደማ ነው። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ ፔል የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ በዓመት እስከ 7,395 ዶላር ስለሚደርስ የሁለቱ ዓመት ትምህርት ያለ ብድር ያልፋል ማለት ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት በ15,000 ቢጨመር፣ የአራቱ ዓመት የትምህርት ክፍያ በድምሩ 42,000 ዶላር አካባቢ ነው። ከግሉ ኮሌጅ የአንድ ዓመት ክፍያ ያነሰ!

ይህ መንገድም እንከን አለው። ዩኒቨርሲቲው የተማሪዋን የስቱዲዮ ክሬዲት እንደ አጠቃላይ ምርጫ ተቀብሎ ለዋናው ትምህርት ላይቆጥረው ይችላል፤ ቢኤፍኤ የሚሰጡ ክፍሎች ፖርትፎሊዮ አይተው ነው በየትኛው ዓመት እንደሚያስገቡ የሚወስኑት። እንዲህ ከሆነ ሁለት ሲደመር ሁለት አምስት ዓመት ይሆናል። መድኃኒቱ በኮሚዩኒቲ ኮሌጁ የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ወደምትዛወርበት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ክፍል ሄዶ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚቆጠሩ በጽሑፍ መቀበል ነው። በሁለተኛው ዓመት መጠየቅ ዘግይቷል።

በየትኛውም መንገድ ሸራ፣ የዘይት ቀለም፣ ወረቀት፣ ሸክላ፣ የካሜራና የሶፍትዌር ወጪ አለ። በዓመት በቀላሉ ከ1,000 ዶላር ይበልጣል፤ ከደብዳቤው ላይም ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ዕዳው በወር ሲቆጠር

ብድርን በጠቅላላ ድምሩ ማሰብ ያሳስታል፤ 90,000 ዶላር ሲባል ሩቅ ይመስላል። በወር ሲቆጠር ነው የሚገባው።

በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት በስሙ መበደር የሚችለው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 7,500 ዶላር ነው። በአራት ዓመት 27,000 ይሆናል። ወለዱ 6.5 በመቶ አካባቢ ሆኖ በአስር ዓመት ቢከፈል በወር 307 ዶላር ገደማ ነው። ይህ የሚቻል ዕዳ ነው፤ የኔ መስመርም እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በላይ ለሥነ ጥበብ የመጀመሪያ ዲግሪ መበደርን አልመክርም።

ከዚህ በላይ የሚመጣው የወላጅ ብድር ነው፤ ፓረንት ፕላስ ይባላል። ስሙ እንደሚለው ተበዳሪው ወላጁ ነው። ልጁ ተመርቆ ጥሩ ደመወዝ ቢያገኝ እንኳ ብድሩ ወደ ልጁ ስም አይዛወርም፤ ልጁ ሥራ ቢያጣም የሚጠየቁት አባትና እናት ናቸው። ወለዱ ወደ 9 በመቶ ይጠጋል፤ ሲሰጥም ከላዩ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጥበታል። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአንድ ተማሪ በዓመት ከ20,000፣ በድምሩ ከ65,000 ዶላር በላይ መበደር አይቻልም፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚወሰደው የወላጅ ብድር በገቢ ልክ በሚተመን አከፋፈልም አይስተናገድም። ጣሪያው መበጀቱ በእኔ እምነት መልካም ነው። ነገር ግን ጣሪያውን እስከ ጫፍ የነካ ቤተሰብ 65,000 ዶላሩን በአስር ዓመት ለመመለስ በወር 823 ዶላር ገደማ ይከፍላል። የልጁ 307 ሲጨመርበት 1,130 ነው።

አሁን ይህን ከመጀመሪያ ደመወዝ አጠገብ አስቀምጡት። በዓመት 42,000 ዶላር የሚከፈላት ጀማሪ ከግብር በኋላ በወር እጇ የሚገባው ከ3,000 ዶላር በታች ነው። የዋሽንግተን አካባቢን የቤት ኪራይ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከዚህ ላይ 307 ዶላር ይወጣል፤ 1,130 ግን አይወጣም። ወላጅ ልክፈል ካለ ደግሞ ታክሲ ወይም ኡበር እየነዳ፣ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እየሠራ የጡረታ ዓመታቱን ነው የሚከፍለው። ከወላጅ ብድር ቀጥሎ የሚመጣው የባንክ የግል ብድር ነው፤ የሚያስፈልግ ሆኖ ከተገኘ ትምህርት ቤቱ ከአቅም በላይ ነው ማለት ነው።

ታላላቆቹን ሠዓሊዎቻችንን እየጠቀሱ የሚከራከሩ ወጣቶችን አውቃለሁ። ምሳሌያቸውን ግን እስከ መጨረሻው ይከተሉት። አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ እዚያ ሆኖ ወደ ሥነ ጥበብ ተሻገረ፤ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን ግዙፍ የመስታወት ሥዕል ለመሥራትም በቃ። እስክንድርም በ1950ዎቹ ወደ አውሮፓ ሄደ። ሁለቱንም የላካቸው የመንግሥት ስኮላርሺፕ ነው። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በየወሩ ክፈሉ የሚል ደብዳቤ አልጠበቃቸውም። ድፍረታቸው ትልቅ ነበር፤ ድፍረታቸውን የቻለው ግን ዕዳ የሌለበት ኪስ ነበር።

ከምረቃ በኋላ የሚገኘው ሥራ

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የሠዓሊዎችንና የእደ ጥበብ ባለሙያዎችን መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ ከ50,000 ዶላር በላይ አድርጎ ያስቀምጣል። ብዙ የኮሌጅ ድረ ገጾች ይህን ቁጥር ይጠቅሳሉ። ቁጥሩ የሚቆጥረው ተቀጥረው ደመወዝ የሚያገኙትን እንደሆነ ግን አይነግሩም፤ በዚህ ሙያ ካሉት ግማሽ ያህሉ ለራሳቸው የሚሠሩ ናቸው፤ የእነዚህ ገቢ እዚያ ውስጥ የለም። ለራሱ የሚሠራ ሠዓሊ ገቢው አንድ ዓመት ይሞላል፣ አንድ ዓመት ይደርቃል፤ የጤና ኢንሹራንሱንና ግብሩን ራሱ ይከፍላል፤ ጋለሪ ሲሸጥለት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዋጋውን ግማሽ ጋለሪው ይወስዳል።

ስለዚህ ከሥዕል ሽያጭ ብቻ መኖርን የዲግሪው ግብ አድርጎ ማስላት ተገቢ አይደለም። የሚሰላው ሥዕሉን የሚያቆየው ሥራ ነው። ከነዚህ ውስጥ ለእኛ ልጆች በጣም የሚመቸው በእኔ አስተያየት በመንግሥት ትምህርት ቤት የሥነ ጥበብ መምህርነት ነው። የሥዕል መምህርና የሒሳብ መምህር ደመወዝ የሚወሰነው በአንድ ሰንጠረዥ ነው። ሜሪላንድ ባወጣችው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ መሠረት የጀማሪ መምህር ደመወዝ እስከ ጁላይ 2026 ድረስ ቢያንስ 60,000 ዶላር መድረስ አለበት። ኢንሹራንስና ጡረታ አለው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክረምቱ ለስቱዲዮ ነጻ ነው። መስፈርቱ የማስተማር ፈቃድ ስለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበብ ትምህርትን ከፈቃድ ጋር የሚሰጥ መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ይጠይቃል።

«ሐኪም ሁኚ» ለሚሉ ወላጆች ደግሞ አንድ የማያውቁት ሙያ ልንገራቸው። የሕክምና ሥዕል ይባላል፤ የቀዶ ጥገና ሒደትን፣ የሰውነት ክፍሎችን፣ መድኃኒት በሴል ውስጥ የሚሠራበትን መንገድ የሚስሉ ባለሙያዎች ሙያ ነው። ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ ይህን የሚያስተምር ክፍል ከ1911 ጀምሮ አለው። ማስተርስ ነው፤ የሚቀበለው ጥቂት ተማሪ ብቻ ሲሆን ጠንካራ ፖርትፎሊዮና የባዮሎጂ ትምህርት ይፈልጋል። የቅርስና የሥዕል ጥገናም እንዲሁ ኬሚስትሪንና ሥዕልን አጣምሮ ይጠይቃል። ለነዚህ ሁለቱ ቢኤ ከቢኤፍኤ ይሻላል፤ ለሳይንሱ ቦታ አለው።

የግራፊክ ዲዛይን፣ የአኒሜሽንና የድረ ገጽ ዲዛይን ሥራ ከሠዓሊነት የተሻለ ይከፍላል፤ የኪነ ጥበብ ዳይሬክተሮች መካከለኛ ደመወዝ ከ100,000 ዶላር ያልፋል፤ ግን እዚያ የሚደረሰው ከዓመታት ልምድ በኋላ ነው። በአንጻሩ ሥዕል የሚፈጥሩ ኮምፒውተሮች ከመጡ ወዲህ ለጀማሪ የሚሰጡት ርካሽና ፈጣን ሥራዎች፣ ማለትም ለመጽሔትና ለማስታወቂያ የሚሠሩት፣ ጫና ውስጥ ናቸው። በዚህ መስክ ለመሥራት የምትማር ልጅ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ከደንበኛ ጋር መነጋገርን፣ ሐሳብ ማፍለቅንና ሥራ መምራትን የሚያስተምር ፕሮግራም ትምረጥ። ሙዚየሞችም አሉ፤ ዋሽንግተን የስሚዝሶንያን ከተማ ናት፤ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁ፣ ሥራ የሚሰቅሉና የሚጠብቁ ሰዎች ያስፈልጓታል፤ ደመወዙ መካከለኛ ቢሆንም ከታላላቅ ሥራዎች ጋር ያውላል። በውጭ ያሉት ቤተ ክርስቲያኖቻችን እየበዙ መሄዳቸውም የቅዱሳን ሥዕል የሚያውቅ እጅ እንዲፈለግ አድርጓል። ይህን የሚያስተምር የአሜሪካ ኮሌጅ ግን የለም ማለት ይቻላል፤ ከአዋቂ ሠዓሊ ሥር ተቀምጦ የሚማሩት ነው።

ስለአንድ የተወሰነ ኮሌጅ ለማወቅ የፌዴራሉን የትምህርት ሚኒስቴር ኮሌጅ ስኮርካርድ የተባለ ድረ ገጽ ክፈቱ። የኮሌጁን ስም ካገኛችሁ በኋላ የሥነ ጥበብ ክፍሉን ለይታችሁ የተመራቂዎችን ገቢና ዕዳ እዩ። የመላውን ዩኒቨርሲቲ አማካይ አትዩ፤ የኢንጂነሮቹ ደመወዝ የሠዓሊዎቹን ይሸፍነዋል። ከላይ በጠቀስኩት የ2025 ሕግ መሠረት ተመራቂዎቻቸው ሁለተኛ ደረጃ ብቻ ከጨረሰ ሰው ያነሰ ገቢ የሚያገኙ ፕሮግራሞች ተማሪዎቻቸው የፌዴራል ብድር የሚያገኙበትን መብት ሊያጡ ይችላሉ፤ የሥነ ጥበብ ፕሮግራሞች በተለይ ተጋላጭ ስለሆኑ ይህንንም ጠይቁ።

ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ተማሪ

አዲስ አበባ ያለ ወጣት ሒሳቡ የተለየ ነው። በ1958 የተመሠረተውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽን፣ የኅትመት ጥበብንና ዲዛይንን በዲግሪ ያስተምራል፤ ለመግባት የተግባር ፈተና አለው። በወጪ መጋራት የሚማር ተመራቂ የሚከፍለው ከደመወዙ እየተቆረጠ ስለሆነ ሥራ ሳያገኝ ዕዳ አያሳድደውም። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ በግል የሚከፍሉ ተማሪዎችም ስለሚገቡ በየትኛው ሥርዓት እንደምትመደቡ አስቀድማችሁ እወቁ። ትልቁ ወጪ ከውጭ የሚገባው ቀለምና ሸራ ነው።

ይህ ትምህርት ቤት ያፈራቸውን ሰዎች ስናይ እንደ ርካሽ ምትክ መቆጠሩ ስህተት መሆኑ ይገለጣል። የተጣሉ የኮምፒውተር ክፍሎችን ወደ ግዙፍ ሥራ የሚለውጠው ኤልያስ ስሜ የተማረው እዚያ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢያናሌ፣ በታላቁ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ የራሷን ድንኳን ስትከፍት የወከላት ተስፋዬ ኡርጌሳም ከዚያው ተመርቆ ነው ትምህርቱን ጀርመን፣ ሽቱትጋርት የቀጠለው።

የእሱ መንገድ ሊጠና የሚገባው ነው። በጀርመን የመንግሥት የሥነ ጥበብ አካዳሚዎች የትምህርት ክፍያ በአብዛኛው የለም፤ ሽቱትጋርት ያለበት ባደን ቩርተምበርግ ግን ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ለቪዛ ደግሞ ለአንድ ዓመት ኑሮ የሚሆን 11,904 ዩሮ በተዘጋ ሒሳብ ማስያዝ ይጠየቃል። ብዙ ገንዘብ ነው፤ ከአሜሪካ የአንድ ዓመት ወጪ ጋር ሲነጻጸር ግን ትንሽ ነው። ቋንቋውን መማር ግዴታ ነው፤ ፖርትፎሊዮውም ከሁሉም ነገር ይበልጣል።

በተማሪ ቪዛ ወደ አሜሪካ ለመምጣት የሚያስብ ግን የፌዴራል ብድርም ሆነ የፔል እርዳታ አያገኝም፤ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ወጪ በባንክ ማሳየት አለበት፤ በሥዕል ወይም በቅርጻ ቅርጽ ከተመረቀ በኋላ ለመሥራት የሚፈቀድለት 12 ወር ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ይህን መንገድ አልመክርም። አዲስ አበባ ተመርቆ፣ ሥራ አሳይቶ፣ ለማስተርስ መምጣት እጅግ የተሻለ ነው፤ ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በማስተርስ ደረጃ ተማሪውን በረዳት መምህርነት ቀጥረው የትምህርት ክፍያውን ይሰርዙለታል። ይህ ምክር እዚህ ላደጉትም ይሠራል። ገንዘቡንና ጉልበቱን ለማስተርስ ያቆየ ሰው አይከስርም።

ከመፈረም በፊት

አብዛኞቹ ኮሌጆች እስከ ሜይ 1 ድረስ መልስ ይፈልጋሉ። ከዚያ በፊት የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ሙሉ የዓመት ወጪ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከሥሩ የማይመለሰውን እርዳታ ብቻ ቀንሱ። የእርዳታ ደብዳቤዎች ብድርን ከስኮላርሺፕ ጋር ደባልቀው «ድጋፍ» ስለሚሉት ብድሩን ለይታችሁ አውጡ። የቀረውን በአራት አባዙ። ውጤቱ ከ27,000 ዶላር ብድርና ቤተሰቡ ከኪሱ በእውነት ከሚችለው በላይ ከሆነ ለትምህርት ቤቱ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ደብዳቤ ጻፉ። የሌላውን ኮሌጅ የተሻለ ስጦታ አያይዙ፤ የሥራ ማጣት፣ የሕክምና ወጪ ወይም አገር ቤት ለሚረዱ ዘመዶች የሚላክ ገንዘብ ካለ በማስረጃ አስረዱ። ብዙ ወላጆቻችን ይህን እንደ ልመና ቆጥረው ያፍራሉ፤ አሜሪካውያን ቤተሰቦች ግን በየዓመቱ ያደርጉታል፣ ቢሮውም የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ደብዳቤውን ልጅቷ ራሷ ብትጽፈውና ስልክም ራሷ ብትደውል ይመረጣል። መልሱ እስኪመጣ ድረስ የስቴቱን ዩኒቨርሲቲ ቦታ እንዳትለቁ፤ ማስያዣው ጥቂት መቶ ዶላር ነው።